ካርታ የያዘ ጎብኚ ጥበቃውን የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

የቀረበው ጥያቄ፦ «በሐዋሳ ከተማ በሐይቁ ዳርቻ ለሚገኝ አንድ አነስተኛ የዱር እንስሳት ማቆያና መናፈሻ የጎብኚ ካርታ ሠርቻለሁ። በመግቢያው በር ላይ በትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፤ በወረቀትም ታትሞ ከመግቢያ ትኬቱ ጋር ይታደላል። የእንስሳቱን ሥዕል ሁሉም ሰው ያደንቃል፤ ነገር ግን ጎብኚው ካርታውን በእጁ እንደያዘ ወደ ጥበቃው ሄዶ ‹መጸዳጃ ቤቱ በየት ነው? ጉማሬው የሚታየው በየት በኩል ነው?› ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን እትም ልናሳትም ስለሆነ ስህተቱ ምን ላይ እንደሆነ ቢነግሩኝ። የካርታውን ቅጂና የሰሌዳውን ፎቶ አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦

የላኩትን ካርታ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ሥዕሉ በእውነት የሚያምር ነው፤ የጉሬዛዋ ረጅም ነጭ ጅራትና የአባ ኮዳው፣ የትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ፣ ምንቃር ሲታዩ ሥራው እንስሳቱን በቅርብ በሚያውቅ እጅ መሠራቱን ይናገራሉ። ስለዚህ ስህተቱን በሥዕሉ ጥራት ውስጥ አይፈልጉት። መልሱን ራስዎ በጥያቄዎ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ጎብኚው ካርታ ይዞ ጥበቃውን የሚጠይቀው ከያዘው ወረቀት ይልቅ ጥበቃው የተሻለ ካርታ ሆኖ ስላገኘው ነው። ጥበቃው ከጎብኚው አጠገብ ይቆማል፣ ፊቱን ወደሚሄድበት ያዞረዋል፣ እጁንም ዘርግቶ «በዚህ መንገድ ቀጥ ብለህ ሂድ፤ ትልቁ ዋርካ ጋ ስትደርስ ወደ ሐይቁ ታጠፍ» ይለዋል። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሰውየው የቆመበት ቦታ፣ ፊቱ የዞረበት አቅጣጫ፣ በዓይን የሚታይ ምልክትና መታጠፊያው ሁሉም አሉ። በካርታዎ ላይ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላገኘሁም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ቀን ከጥበቃው ጎን ወንበር አስቀምጠው እንዲቀመጡ ነው። ከሦስቱ ቀናት አንዱ እሑድ ቢሆን መልካም ነው፤ የእሑድ ጎብኚና የረቡዕ ጎብኚ ጥያቄያቸው አንድ አይደለምና። በደብተርዎ ላይ ጎብኚው የተናገረውን ቃል በቃል ይጻፉ፤ «መጸዳጃ ጠየቀ» ብቻ ብለው አይለፉት። ማን እንደጠየቀ፣ ከየት ቆሞ እንደጠየቀና ጥበቃው ምን ብሎ እንደመለሰለትም ይመዝግቡ። በተለይ የጥበቃውን መልስ አይናቁት። ጥበቃው በቀን ብዙ ጊዜ ያንኑ መልስ ሲሰጥ ለጎብኚው የማይገባውን ቃል እየጣለ፣ የሚገባውን እየያዘ የመጣ በመሆኑ፣ ለካርታዎ የሚያስፈልጉትን የቦታ ስሞችና ምልክቶች አጣርቶ የጨረሰልዎ እርሱ ነው። እርስዎ «ምዕራፍ ሁለት፦ የሣር በል እንስሳት ክልል» ብለው የጻፉትን ቦታ እርሱ «ዋርካው ጋ» ካለው፣ በሁለተኛው እትም ላይ መግባት ያለበት ስም «ዋርካው» ነው።

ይህ መዝገብ በካርታው ላይ ምን ትልቅ፣ ምን ትንሽ መሆን እንዳለበትም ይነግርዎታል። በአሁኑ ካርታ ላይ የአጋር ድርጅቶች አርማዎች የወረቀቱን አንድ አራተኛ ያህል ይዘዋል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ምልክት ግን ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ያውም በአረንጓዴ ላይ አረንጓዴ ነው። ሕፃን ይዛ የመጣች እናት መጸዳጃ ቤቱን ስትፈልግ አንበሳውን የማየት ፍላጎቷ ሁሉ ይጠፋል። አርማዎቹን ወደ ወረቀቱ ጀርባ ያዙሯቸው፤ የሚያስቀይም ከሆነም ለአጋሮቹ ምክንያቱን ያስረዷቸው፤ ለጎብኚው ያልጠቀመ ካርታ ለእነርሱም ስም አይሆንምና።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው ነጥብ ልግባ። ካርታዎ ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ ተሠርቷል። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው፤ ስለዚህ ከከተማው መጥቶ በበራችሁ የሚገባ ሰው ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ሐይቁ ነው። ሐይቁ ከፊቱ ተዘርግቶ እያየው ሰሌዳው ላይ ግን ሐይቁ በግራ በኩል ተሥሏል። ከበሩ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ በካርታው ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ግራ የሚታጠፈው ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ጎብኚው ይህን ለማስታረቅ ካርታውን በአእምሮው ማዞር አለበት፤ ይህ ደግሞ ልምድ ላለው ሰው እንኳ ቀላል ሥራ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ማርቪን ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ «እርስዎ እዚህ ነዎት» የሚሉ ሰሌዳዎችን ያጠናው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። ሰሌዳው ከፊት ለፊት ካለው መልክዓ ምድር ጋር ሳይገጥም ሲቆም ተመልካቾቹ ግራ ከመጋባት አልፈው ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ሊሄዱ እንደሚችሉ አሳይቷል። ካርታ የሌለው ሰው ይጠይቃል፤ አቅጣጫው ያልገጠመ ካርታ ያየ ሰው ግን ሳይጠይቅ ይሳሳታል። የእርስዎ ጎብኚዎች ጥበቃውን መጠየቃቸው በአንጻሩ መልካም ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሳይጠይቁ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደው የሚመለሱት ናቸው።

መፍትሔው ሐይቁን ወደ ላይ ማድረግ ነው። ሰሌዳውን የሚያይ ሰው ከፊቱ ያለው ነገር በካርታው ላይ ከላይ፣ በቀኙ ያለው በቀኝ፣ በግራው ያለው በግራ መሆን አለበት። ካርታ የግድ ሰሜንን ወደ ላይ ማድረግ አለበት የሚል ተቃውሞ ከባልደረቦችዎ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የተማርነው እንዲያ ነውና። ይህ ግን ለአትላስና ለመንግሥት የመሬት ካርታ የተበጀ ልማድ ነው፤ ሀገርን ከሀገር ለማስተያየት ይጠቅማል። በእግሩ ለሚሄድ ሰው የሚሠራ ካርታ ሌላ ነው። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለእግረኞች ያቆመቻቸው ሰሌዳዎች እያንዳንዳቸው ተመልካቹ ፊቱን ወዳዞረበት አቅጣጫ ተዘዋውረው የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ሰሌዳዎች አንዱን አካባቢ በሁለት አቀማመጥ ሊያሳዩ ይችላሉ። የሰሜን ቀስት የሚፈልግ ካለ ከጥግ ላይ በትንሹ ይቀመጥለት። በሐዋሳ መንገድ ስንጠያየቅ «ወደ ሐይቁ»፣ «ወደ ፒያሳ»፣ «ከገብርኤል ወደ ታች» እንባባላለን እንጂ ሰሜንና ደቡብ ብሎ ለባጃጅ ሾፌር አቅጣጫ የሚነግር ሰው እኔ አላጋጠመኝም። ከተማዋ ሐይቁን የሚያህል አቅጣጫ ጠቋሚ ተሰጥቷት ሳለ በቀስት መተካቱ ያሳዝናል።

ይህ ከሆነ አንድ ያልታሰበ ወጪ እንዳለ ልንገርዎ። ከመናፈሻው መካከል ሌላ ሰሌዳ ለማቆም ካሰቡ የበሩን ሰሌዳ ፋይል ቀድተው ማሳተም አይችሉም፤ ሰሌዳው ወደየት እንደሚዞር አስቀድሞ በቦታው ተወስኖ ካርታው ከዚያ ጋር ተገጣጥሞ መሠራት አለበት። «እርስዎ እዚህ ነዎት» የሚለው ቀይ ነጥብም ብቻውን አይበቃም፤ የፊት አቅጣጫን የሚያሳይ ሹል ጫፍ ያስፈልገዋል።

የበሩ ሰሌዳ የቆመበት ቦታም ትክክል አይመስለኝም። በፎቶው እንደማየው ከትኬት መስኮቱ ጎን ነው። እዚያ ሰው ገንዘብ እየቆጠረ፣ ልጁን እየያዘ፣ ከኋላው ሰልፍ እየገፋው ነው፤ ካርታ የሚያነብበት ልብ የለውም። ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ከመንገዱ ወጣ ያለ ጥላ ሥር ይቁም። ከፍታውን በተመለከተም ዋናው ክፍል ከመሬት ከ90 ሳንቲሜትር እስከ 1.60 ሜትር ባለው ውስጥ ቢያርፍ ልጆችም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎችም ሊያነቡት ይችላሉ። አሁን ያለው ለቆመ ረጅም ሰው የተሠራ ነው።

ቀጥሎ ስለ ምልክቶች። የከተማ ንድፍ ባለሙያው ኬቪን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድን ከተማ በአእምሯቸው የሚይዙት በአምስት ነገሮች እንደሆነ አስቀምጧል፦ በመንገዶች፣ በጠርዞች፣ በሰፈሮች፣ በመገናኛዎችና ጎልተው በሚታዩ ምልክቶች። የእናንተ ግቢ ትንሽ ቢሆንም ከእነዚህ አብዛኞቹን ይዟል። ሐይቁና አጥሩ ጠርዞቹ ናቸው፤ ዙሪያውን የሚያካልለው መንገድ አለ፤ የውኃ ቧንቧው ያለበት አደባባይ መገናኛ ነው፤ ዋርካው ደግሞ ከየትም ይታያል። በካርታዎ ላይ ዛፎችን ስቆጥር ሁለት መቶ ገደማ ደረሱ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ያላቸው ናቸው። ከነዚያ መካከል ጎብኚው የሚያውቀው ዋርካ የትኛው እንደሆነ እኔም ለይቼ ላገኘው አልቻልኩም። ሌሎቹን ሁሉ ያጥፏቸውና ዋርካውን ብቻ በእውነተኛ ቅርጹ፣ ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን እንደተዘረጉ፣ ይሣሉት። አካባቢው አረንጓዴ መሆኑን የመደቡ ቀለም ይናገራል።

መንገዱ ራሱ ደግሞ ከሁሉም ጎልቶ መታየት ሲገባው በካርታዎ ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ሆኗል፤ በአንዳንድ ቦታም የእንስሳ ሥዕል ስለተደረበበት ተቋርጧል። መንገድ በካርታ ላይ ከእውነተኛው ስፋቱ በላይ መስፋቱ ስህተት አይደለም። ሃሪ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመውን የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ሲሠራ ርቀቱን ሁሉ አዛብቶ የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተልና ግንኙነት ብቻ በትክክል ጠብቋል፤ ለባቡር ተሳፋሪም የሚያስፈልገው ያ ብቻ ስለነበር ካርታው ተወደደ። ለእግረኛ ግን እስከዚያ ድረስ መሄድ አይቻልም፤ እግር ይደክማልና ርቀቱም ሊታመን ይገባል። ስለዚህ መንገዱን ያስፉት፣ ኩርባውን ያቅልሉት፤ ርቀቱን ግን አያዛቡ። ርቀቱንም በሜትር ሳይሆን በደቂቃ ይጻፉት። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድም በየደረሰበት የሚቆም ልጅ የያዘ ቤተሰብ ግማሹን ያህል እንኳ ላይሄድ ይችላል፤ በመሆኑም ደቂቃውን ልጅ ከያዘ ሰው ጋር በእግርዎ ሄደው ይለኩት።

ደረጃና ዳገት ያለበት ቦታ ካለ በግልጽ ይታይ። ከላይ ወደ ታች ተመልክቶ የሚሣል የእንስሳት ማቆያ ካርታ ትልቁ ጉድለቱ መሬቱን ሁሉ ጠረጴዛ ማስመሰሉ ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳን ዲየጎ የእንስሳት ማቆያ 40 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው፣ በሸለቆዎችና በጉብታዎች ላይ የተዘረጋ ግቢ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ጎብኚዎችን በገመድ ላይ በሚሄድ ሣጥን ያሻግራል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ዳገቱን የደበቀ ካርታ አረጋዊን ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። የእናንተ ግቢ በአብዛኛው ሜዳ ቢሆንም ወደ ውኃው የሚወርደው ደረጃ በካርታው ላይ የለም። ተሽከርካሪ ወንበር ሳይቸገር የሚወጣው አቀበት በ12 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር ከፍታ ያልበለጠ ነው፤ ከዚያ የከበደውን ሁሉ ምልክት ያድርጉበት።

አሁን ወደ ጉማሬው እንመለስ፤ ይህ ጥያቄ ሌላ ነገር ስለያዘ ነው ለብቻው ያስቀመጥኩት። በካርታዎ ላይ ጉማሬው በትልቁ ተሥሏል፤ ቦታውም ትክክል ነው፤ ታዲያ ለምን ይጠየቃል? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛ፣ ሥዕሉ ያለው ጉማሬው ባለበት ውኃ መካከል ነው። ጎብኚው ማወቅ የሚፈልገው ግን ራሱ የት እንደሚቆም ነው። ይህ ስህተት በብዙ የእንስሳት ማቆያ ካርታዎች ላይ ይታያል፤ ሥዕሉ በአጥሩ መካከል ይቀመጣል፣ የሚታይበት መስኮት ወይም መቀመጫ ግን በሌላኛው ወገን ይሆናል፤ ሰውም የአጥሩን ጀርባ ሲዞር ይውላል። የእንስሳውን ምልክት ሰው ቆሞ ከሚያይበት ነጥብ ላይ ያድርጉት። ሁለተኛ፣ ጎብኚው ትክክለኛው ቦታ ደርሶ ምንም ሳያይ ተመልሶ ይሆናል። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ አሳልፎ ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ በቀትር የሚታየው ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ነው። አንበሳም በቀን ከ16 እስከ 20 ሰዓት ያርፋል። ካርታው «ጉማሬ» ብሎ ቃል ገብቶ ቦታው ላይ ውኃ ብቻ ሲገኝ ጎብኚው የተሳሳተው እርሱ ይመስለዋል። ስለዚህ ከስሙ ጎን «ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ይፈልጉት፤ ከውኃው በላይ ጆሮውን ይመልከቱ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ምን እንደሚፈልግ ያወቀ ዓይን ያገኛል።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ በካርታው ጀርባ ያለው የመመገቢያ ሰዓት ሠንጠረዥ በአስቸኳይ መታረም አለበት። በአማርኛው «4፡00» ተብሎ በእንግሊዝኛውም ያው «4፡00» ተቀምጧል። የእኛ 4 ሰዓት ጠዋት ለውጭ ሀገር ሰው 10 ሰዓት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ሆኖም ፋይል ሲቀዳ ቁጥሩ አብሮ ይቀዳል። እንግዳው ከሰዓት በኋላ በ4 መጥቶ የበላ እንስሳ ተኝቶ ሲያገኘው የሚሰማውን ያስቡት። በአማርኛው ላይ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለው ቃል፣ በእንግሊዝኛው ላይ ደግሞ የእነርሱ አቆጣጠር ሳይዛነፍ ይግባ።

ቋንቋን በተመለከተ የእናንተ ካርታ ከሌላ ሀገር ካርታ የሚለይበት እውነተኛ ችግር አለበት። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ስም ሲጻፍ ካርታው ጥቅጥቅ ይላል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ፣ እንዲሁም ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲሆን፣ ከገጠር ከሚመጣው እንግዳ መካከል ከሦስቱ አንዱንም የማያነብ ብዙ ሰው አለ። እናንተ ችግሩን በቁጥር ለመፍታት ሞክራችኋል፤ ከ1 እስከ 38 ቁጥር በካርታው ላይ፣ ዝርዝሩ ከግርጌ። ይህ የሰውን ዓይን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲያመላልስ መሃል ላይ ቁጥሩን ያስረሳዋል፤ ማንበብ የማይችለውንም ሰው አይረዳም።

በዚህ ላይ የምወደው ምሳሌ የላንስ ዋይማን ሥራ ነው። ይህ አሜሪካዊ ንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1969 ለተከፈተው የሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ለእያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ሥዕላዊ ምልክት ሠራ፤ በጊዜው ማንበብ የማይችል ብዙ ተሳፋሪ ስለነበረ ሰው በፌንጣው ወይም በደወሉ ምልክት ጣቢያውን እንዲለይ ነው። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ለዋሽንግተን ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ሲሠራ እያንዳንዱን መንገድ በአንድ እንስሳ ወክሎ የእንስሳውን ኮቴ በመንገዱ ላይ አሳረፈ፤ ልጅ የዝሆኑን ኮቴ እየተከተለ ዝሆኑ ጋ ይደርሳል። ካርታው ከወረቀት ወርዶ መሬት ላይ ተነጠፈ ማለት ነው።

ለእናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው። ግቢውን በአራት ክፍል ይክፈሉትና ለእያንዳንዱ አንድ እንስሳ ይስጡት፦ ለዛፎቹ ወገን ጉሬዛ፣ ለውኃው ወገን ጉማሬ፣ ለዓሣ መሸጫው ወገን አባ ኮዳ፣ ለሜዳው ሰጎን። እነዚህን የመረጥኳቸው በጥላ ቅርጻቸው ብቻ ስለሚለዩ ነው፤ ድኩላንና ቆርኬን ብትወስዱ ጥላቸው ሲያንስ ይምታታሉ። አባ ኮዳን ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ ሲጠብቅ ያላየ የሐዋሳ ልጅ የለም። ያንኑ ጥቁር ጥላ በካርታው ላይ፣ በመንገዱ ድንጋይ ላይ፣ በመቀመጫው ላይ፣ በቆሻሻ መጣያው ላይ ይድገሙት። ያን ጊዜ ጥበቃው «ጉማሬውን ተከተል» ብሎ ይጨርሳል፤ ጎብኚው ወረቀቱን ቢጥለው እንኳ አይጠፋም። የተዋቡት ሥዕሎችዎ አይጣሉም፤ እንስሳቱ ያሉበት ቦታ ላይ በሚቆሙት የማብራሪያ ሰሌዳዎች ላይ በትልቁ ይታተሙ፤ እዚያ የሚያያቸው ሰው ጊዜ አለው።

የእንስሳት ስም ትርጉም ላይም አንድ ነገር አስተውያለሁ። በአማርኛው «ነብር» ያለውን በእንግሊዝኛው «ታይገር» ብላችሁታል። የእኛ ነብር ባለ ነጠብጣቡ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሌፐርድ» ይባላል። ታይገር ባለ ጥቁር መስመሩ የእስያ እንስሳ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ በዱር አይገኝም። ይህን ስህተት በመማሪያ ወረቀቶችም ስለማየው በእናንተ ብቻ አልፈርድም፤ ግን የእንስሳት ማቆያ ካርታ ሊያርመው እንጂ ሊያጸናው አይገባም።

ፊደሉን በተመለከተ አጭር ልሁን። የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ትልቅ ሆኖ መታተም አለበት፤ «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሊ» እና «ሌ» የሚለዩት ከእግራቸው ባለች ትንሽ ጭረትና ቀለበት ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ወይም በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሆኖ ሲታተም ቀለበቷ በቀለም ትሞላለች። ለላቲን ፊደል በ3 ሜትር ርቀት 1 ሳንቲሜትር ቁመት በግምት ይበቃል ይባላል፤ እኔ ለግእዝ በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲሜትር እሰጣለሁ። ጥላና ጌጥ ያለው ፎንት ለርእሱ ይሁን፤ ለቦታ ስም አይሁን።

ስለ ቀለም፦ ከዓመት በላይ ፀሐይ ላይ የቆየ ባነር ሰማያዊ ሆኖ እንደሚቀር አይተው ይሆናል። ከማተሚያ ቀለሞች ቀዩና ቢጫው ቀድመው ስለሚለቁ ነው። በሰሌዳዎ ላይ መንገዶቹን በቀይና በአረንጓዴ ብቻ ለይተዋቸዋል፤ ቀዩ ሲለቅ ልዩነቱ አብሮ ይጠፋል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችል ሰውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አያየውም። በቀለሙ ላይ የመስመር ቅርጽና የእንስሳ ምልክት ይጨመርበት። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ሆኖ በፎቶ ኮፒ ሲወጣም መነበብ አለበት።

ብዙ ጎብኚ ወረቀቱን ከመያዝ ይልቅ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ይህን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ዕድል ይዩት። ሰሌዳው እንደ ስልክ ቁመቱ ከወርዱ ቢረዝም፣ የሚያብረቀርቅ ላሚኔት ባይለበጥና ዋናው ካርታ በአንድ ፎቶ ቢጠቃለል እያንዳንዱ ስልክ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ይዞ ይገባል። ኪዩአር ኮዱ ይቅር አልልም፤ ነገር ግን ዳታ ያልሞላ ሰው ምንም እንዳያጣ ሆኖ ይሠራ።

የውኃውን ዳር የሚከተለውን መንገድ በሚመለከት፣ ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው ዝናብ በበዛበት ዓመት ወደ ዳር ይሰፋል። ያንን መንገድ በተቆራረጠ መስመር አሳዩት፤ በሰሌዳው ላይም «ተዘግቷል» የሚል ስቲከር የሚለጠፍበት ቦታ ይተውለት። የእትሙ ወርና ዓመተ ምሕረት ከግርጌ ይጻፍ፤ አሮጌውን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር ጥበቃው በቀላሉ እንዲለየው።

በመጨረሻም ከማተሚያ ቤት በፊት የሚደረግ ፈተና አለ፤ ወጪው ጥቂት የኤ4 ወረቀት ብቻ ነው። አዲሱን ካርታ በእስክሪብቶ በረቂቅ ይሣሉት፣ ፎቶ ኮፒ ያድርጉት፣ ግቢውን አይተው ለማያውቁ ስምንት ያህል ሰዎች ይስጡ፤ አያት፣ ተማሪ፣ አማርኛ የማያነብ ሰውና ሕፃን የያዘች እናት ቢኖሩበት እመርጣለሁ። «ካርታው እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቋቸው፤ ያገራችን ሰው የደከሙበትን ሥራ ፊት ለፊት አይነቅፍብዎትም። ይልቁንስ «መጸዳጃ ቤቱን ያግኙልኝ፣ ከዚያ ጉማሬው ወደሚታይበት ይሂዱ» ብለው ከኋላ በዝምታ ይከተሏቸው። ወረቀቱን በእጃቸው ያዞሩበትን፣ የቆሙበትንና ቀና ብለው ሰው የፈለጉበትን ቦታ በረቂቁ ላይ ነጥብ ያድርጉበት። ነጥቦቹ በተከማቹበት መታጠፊያ ላይ የሚያስፈልገው ካርታ ሳይሆን አንድ ቀስት ሊሆን ይችላል፤ ቀስት ከበቃ ካርታውን ከዚያ ያንሱት። አርመው በድጋሚ ከሞከሩት በኋላ ያንን የሦስት ቀን ደብተር ይዘው ከጥበቃው ጎን እንደገና ይቀመጡና የሚጠየቀውን ይቁጠሩ። የመጸዳጃ ቤቱ ጥያቄ ካልቀነሰ አያሳትሙ፤ ረቂቁንና ደብተሩን አብረው ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።